ድምፅን በመቀመጫ ትራስ የለካው ሰው

አዲስ ስፒከር ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ነገር አለ። ሱቅ ውስጥ ደረት እየመታ ሲያስደስተው የነበረው ቤዝ ሳሎን ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። ሶፋው ላይ ቁጭ ሲል ድራሹ ይጠፋል። ተነስቶ ወደ ጥግ ሲጠጋ ደግሞ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ያጓራል። ከቤዝ ጊታሩ ኖታዎች አንዱ ብቻ ተነጥሎ ሲጮህ ቀጥሎ ያለው እንዳልተመታ ሁሉ ይዋጣል። በዚህ ጊዜ ሰውየው መጀመሪያ ስፒከሩን ይጠረጥራል፤ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን፤ ከዚያ ሽቦውን። ሻጩ ጋ ተመልሶ የሚጨቃጨቅም አይጠፋም። ክፍሉን የሚጠረጥር ግን እምብዛም ነው።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ነው። አራት ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ያለው ቦታ ሁሉ ራሱን የቻለ የድምፅ መሣሪያ ነው። የሚወደው ኖታ አለ፤ የሚጠላውም አለ። ይህን በስሜትና በግምት ሳይሆን በቁጥር ለማሳየት ዕድሜውን የሰጠው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። ሳቢን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሆን፣ ዛሬ በየቤቱ የምናየው ዓይነት ስፒከር መሠረት የተጣለው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1925 ነው። ስለዚህ አንድም ቀን ሳሎኑ ውስጥ ሰብዉፈር ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ዛሬ ማይክሮፎንና ኮምፒዩተር ይዞ የክፍሉን ቤዝ የሚለካ ሰው ሁሉ የሚሄደው ሳቢን በጠረገው መንገድ ላይ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳቢን ሰኔ 13 ቀን 1868 በኦሃዮ ግዛት ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። እናቱ አና ዌር የተማረች፣ ልጆቿም እንዲማሩ የማትደራደር ሴት ነበረች። ልጁም አላሳፈራትም። ሌላው ወጣት ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ዕድሜ፣ በ18 ዓመቱ፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወጣ። በዚያው በ1886 ወደ ሃርቫርድ አቀና፤ በ1888 የማስተርስ ዲግሪውን ያዘ፤ በዚያው ማስተማር ጀመረ። የዶክትሬት ዲግሪ ለመሥራት ግን ጊዜ አላገኘም ወይም አልፈለገም። በኋላ በዘርፉ ከሁሉም በላይ የሚጠቀስ ስም የሆነው ሰው ተምሮ ያገኘው ዶክትሬት አልነበረውም። እስከ 27 ዓመቱ ድረስ የሚታወቀው ጎበዝና ጭምት አስተማሪ ተብሎ ነው። ስለ ድምፅ የተለየ ጥናት አድርጎ አያውቅም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1895 ነው። ሃርቫርድ በዚያ ዓመት የፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየምን ከፈተ። ሕንፃው ያማረ ነው። ውስጡ ያለው የመማሪያ አዳራሽ ግን ለትምህርት የማይሆን ሆነ። አንድ መምህር የተናገራት ቃል አዳራሹ ውስጥ ለአምስት ሰከንድ ተኩል ያህል እየተንከባለለች ትቆያለች። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ 12 እና 15 ተከታታይ ክፍለ ቃላት ያወጣል። ሁሉም እላይ በላይ ተደራርበው ሲሰሙ አንዱንም መያዝ አይቻልም። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እየጮኸ ከገደል ማሚቶ ጋር የሚከራከር ሰው ያለበትን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ጉዳዩን ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል መሩት። አንጋፋዎቹ ፕሮፌሰሮች ተስፋ የሌለው ሥራ አድርገው ስላዩት ወደ ወጣቱ ሳቢን ወረደ። በዚያን ዘመን የአዳራሽ ድምፅ ማማር እንደ ዕድል ይታይ ነበር። ጣሪያው ሥር ሽቦ የሚዘረጋ አለ፤ የታወቀ አዳራሽን ስፋትና ቁመት ቀድቶ የሚሠራም አለ። አንዳንዱ ይሳካል፣ አንዳንዱ አይሳካም። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያስረዳ አልነበረም።

ሳቢን የጀመረው በቀላል ጥያቄ ነው። ድምፁ ከቆመ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ይህን ለመለካት ማይክሮፎን አልነበረውም። የነበረው በሰከንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሚሰጥ የኦርጋን ቧንቧ፣ የታመቀ አየር የያዘ በርሜል፣ ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያና የራሱ ጆሮ ነው። ቧንቧውን ያስነፋል፣ አየሩን ይዘጋል፣ ድምፁ ከጆሮው እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይመዘግባል። ከዚያ ደግሞ ይደግማል። ከዚያም እንደገና ይደግማል።

ጆሮ ለዚህ ሥራ የሚታመን አይመስልም። ሳቢን ግን የዘመኑን ሌሎች ዘዴዎች ሞክሮ ከሁሉ የተሻለው የሠለጠነ ጆሮ መሆኑን አረጋገጠ። አንድ ሁኔታ ብቻ ያስፈልገው ነበር። ጸጥታ! በቀን ደግሞ ከተማው ይጮሃል፤ የመንገድ ላይ ባቡሩ ያንገጫግጫል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ባለው ጊዜ የሚሠራ ሆነ። ቀን ያስተምራል፣ ሌሊት ይለካል።

ከፎግ ብዙ ሳይርቅ ሳንደርስ የሚባል፣ በድምፅ ጥራቱ የተመሰገነ ቴአትር ቤት አለ። የመቀመጫዎቹ ትራሶች ተነቃይ ናቸው። ሳቢንና ረዳቶቹ ሌሊት ሌሊት እነዚህን ትራሶች እየተሸከሙ ወደ ፎግ ማጋዝ ጀመሩ። ስምንት ሜትር ያህል ትራስ ይዘረጋሉ፣ ይለካሉ። ጥቂት ይጨምራሉ፣ ይለካሉ። ሲነጋ ሁሉም ተመልሶ ቦታው መቀመጥ አለበት፤ ቴአትር ቤቱ ሥራ አለበት። ባዶ ሳለ 5.6 ሰከንድ ያስተጋባ የነበረው አዳራሽ፣ ትራሱ በተጨመረ ቁጥር ወደ አራት፣ ወደ ሦስት፣ ወደ ሁለት ሰከንድ ወረደ። በመጨረሻ ትራሱን በሙሉ አምጥተው ወንበሩን፣ መተላለፊያውን፣ መድረኩንና የኋላውን ግድግዳ እስከ ጣሪያ ሲሸፍኑት 1.14 ሰከንድ ደረሰ።

ለመለኪያነት የመረጠው ነገርም ብልሃት ያለበት ነው። የአንድ ቴአትር ቤት ትራስ ለሌላ አገር ሰው ምንም አይነግርም። ስለዚህ ትራሱን ከክፍት መስኮት ጋር አነጻጸረው። በክፍት መስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ማለት ድምፅን መቶ በመቶ የሚመጥጥ አንድ ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ምንጣፍም ሆነ መጋረጃ፣ የእንጨት ግድግዳም ሆነ የተቀመጠ ሰው የስንት ክፍት መስኮት ያህል እንደሚመጥጥ በቁጥር ማስቀመጥ ተቻለ። ዛሬ ይህ መለኪያ በስሙ ሳቢን ተብሎ ይጠራል።

ሥራው ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ፕሬዚዳንት ኤልየት ትዕግሥታቸው አለቀ። ወጣቱ ለአንድ አዳራሽ መድኃኒት ስጥ ቢባል የዓለምን አዳራሽ ሁሉ ሊያጠና የተነሳ መሰላቸው፤ እውነትም እንደዚያው ነበር። ይብቃህና ለፎግ መፍትሔ አምጣ ብለው ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጡት። ግድግዳው ላይ ከእንስሳ ፀጉር የተደቀደቀ ወፍራም ጨርቅ ተለጠፈና አዳራሹ ለትምህርት የሚበቃ ሆነ። እጅግ ያማረ ባይባልም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ፤ የሰውየውን ባሕርይ ከምንም በላይ የሚያሳይ ስለሆነ ልናልፈው አንችልም። ሳቢን በአንድ ወቅት ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ አልስማማ አሉት። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በአማካይ ያጠፋው ነበር። እሱ ግን ምክንያቱን ሲፈልግ ቆይቶ የገዛ ልብሱ ላይ ደረሰ። አንድ ቀን ወፍራም ኮት፣ ሌላ ቀን ስስ ልብስ ለብሶ ነበር የሚለካው፤ ልብሱም ድምፅ ይመጥጣል። በዚህ ምክንያት የሁለት ወር ድካም የሆኑ ከ3 ሺሕ በላይ ምዝገባዎችን ጣላቸው። ከዚያ በኋላ በለካ ቁጥር አንድ ዓይነት ልብስ ይለብስ ጀመር። ማስታወሻ ደብተሩም ላይ ሰማያዊ የክረምት ኮትና ሰደርያ፣ የክረምት ሱሪ፣ ስስ የውስጥ ልብስ፣ ረጅም ጫማ ብሎ ከቁጥሮቹ ጋር መዝግቦታል።

ቁጥሮቹን በእጁ ቢይዝም ቁጥሮቹን የሚያስተሳስረው ሕግ ግን ገና አልተገለጠለትም። በ1898 መከር ወራት ግን የሚያጣድፍ ነገር መጣ። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሥራች ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ ሊያሠሩ ተነሱ። አርክቴክቱ ዝነኛው ቻርልስ ማኪም ነው። ስለ ድምፁ ማን ያማክር ሲባል ኤልየት የሳቢንን ስም ጠሩ። ሳቢን ወዲያው አልተቀበለም። በእርግጠኝነት የሚያሰላበት ቀመር ሳይኖረው የአንድ ከተማን አዳራሽ ዕጣ መወሰን ከበደው። ቤቱ ገብቶ ማስታወሻ ደብተሮቹን እንደገና ይገልጥ ጀመር።

ጥቅምት 29 ቀን ማታ ተገለጠለት። የትራሱን መጠንና ሰከንዱን በወረቀት ላይ ሲያስቀምጣቸው የሚወጣው መስመር ሃይፐርቦላ ነበር። የሚመጥጠው ነገር መጠን በድምፁ መቆያ ጊዜ ሲባዛ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያም ቁጥር በክፍሉ ይዘት ልክ ያድጋል። እጅግ ጭምት የነበረው ይህ ሰው ያን ምሽት እየጮኸ ለእናቱ እንዳበሰራት ይነገራል። በማግስቱ ሥራውን መቀበሉን ለኤልየት ጻፈ።

ቀመሩ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኪዩብ ወስዶ በ0.161 ማባዛት፤ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ላለው መምጠጫ ማካፈል። የሚገኘው ድምፁ ወደ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው። ለምሳሌ አምስት ሜትር በአራት ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን 56 ሜትር ኪዩብ ይዘት አለው። ድምፁ በግማሽ ሰከንድ እንዲጠፋ ከተፈለገ የ18 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ያህል የሚመጥጥ ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ማኪም መጀመሪያ ያሰቡት የግሪክ ቴአትር ቅርፅ ነበር፤ ያ ተትቶ አራት ማዕዘን ተመረጠ። በወቅቱ ተምሳሌት ተደርጎ ይታይ የነበረው የጀርመኑ የላይፕዚግ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ ነው። ነገር ግን የላይፕዚጉ 1,500 ያህል ሰው የሚይዝ ሲሆን ቦስተን የፈለገችው 2,600 የሚጠጋ ነው። እንዳለ ማሳደግ የሚቻል ይመስላል። ሳቢን ግን አይሆንም አለ። አዳራሽ በተመሳሳይ ቅርፅ ሲያድግ ይዘቱ ከግድግዳውና ከመቀመጫው ስፋት ፈጥኖ ስለሚያድግ ማስተጋባቱ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ ልኬቱ ተለወጠ። በስሌቱ መሠረት አዲሱ አዳራሽ 2.31 ሰከንድ፣ የላይፕዚጉ 2.30፣ የቀድሞው የቦስተን ሙዚቃ አዳራሽ 2.44 ሰከንድ ሆነው ተገኙ።

አዳራሹ ጥቅምት 15 ቀን 1900 በቤትሆቨን ታላቅ ቅዳሴ ተመረቀ። ሳቢን በዚያው ዓመት ነሐሴ ሐኪሟን ጄን ኬሊን አግብቷል። የሙዚቃ ሐያሲያን መጀመሪያ ላይ አልተስማሙም፤ ያመሰገነ አለ፣ ያጣጣለም አለ። ዛሬ ግን ሲምፎኒ ሆል ከቪየናው ሙዚክፈራይንና ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ጋር በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ጥቂት አዳራሾች አንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር የሳቢን ቁጥር ትክክል አልነበረም። አዳራሹ ሰው ሞልቶት በኋላ ዘመን መሣሪያ ሲለካ 1.9 ሰከንድ አካባቢ ነው። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ሳቢን ካሰበው በላይ ድምፅ ይመጥጣል። ያዳነው ነገር ሦስቱንም አዳራሾች በአንድ ሚዛን መመዘኑ ነው። ሚዛኑ ቢሳሳት ንጽጽሩ አልተሳሳተም።

ለእኛ ሳሎን ቅርብ የሆነው ሥራው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ለፒያኖ ትምህርት የተመደቡ አምስት ትናንሽ ክፍሎች ነበሩ። ሳቢን የሙዚቃ መምህራንን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ተዘዋወረ። አንዱ ፒያኖ ይመታል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ትራስ ይገባል፣ ትራስ ይወጣል። ፈራጆቹ አሁን ደህና ነው ሲሉ ይቆማል። ክፍሉ ሌሊት ተለክቶ ሲታይ የተመረጠው ማስተጋባት በአንዱ ክፍል 0.95 ሰከንድ፣ በሌላው 1.16፣ በአማካይ 1.08 ሰከንድ ሆነ። ቁጥሩን ማንም አልነገራቸውም። የሙዚቃ ሰው ጣዕም እንዲህ ተቀራራቢ ይሆናል ብሎ የጠበቀም አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ወረደ። እስከዚያ ድረስ የለካው በአንድ ኖታ ብቻ ነበር። አሁን በሰከንድ 64 ጊዜ ከሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ እስከ 4,096 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ድረስ በሰባት ኖታዎች ደገመው። ውጤቱ በ1906 ታተመ። ቀጭኑን ድምፅ በቀላሉ የሚውጠው ትራስ፣ ጨርቅና የሰው ልብስ ወፍራሙን ድምፅ በአመዛኙ ያሳልፈዋል። በተቃራኒው ከኋላው ባዶ ቦታ ያለው ስስ የእንጨት ግድግዳ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሰዋል።

ቤታቸውን ለሙዚቃ ለማመቻቸት ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ይህችን ነገር ቢያውቁ ስንቱ ወጪ በተረፈ! ግድግዳ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን የሚለጥፍ አለ። ስፖንጅ የሚለጥፍ አለ። ውፍረቱ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ በደንብ የሚሠራው ከ1,700 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ላለው ድምፅ ነው። የ34 ኸርዝ ቤዝ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ብቻ አሥር ሜትር ነው፤ በዚያው ስሌት ለመያዝ ሁለት ሜትር ተኩል ውፍረት ሊያስፈልግ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ሲበዛ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል፣ ቤዙ እንዳለ ይቀራል፤ ቤቱም ታፍኖ ያጓራል። በአሜሪካ የተለመደው የእንጨትና የጂፕሰም ግድግዳ ጥቂት ቤዝ ያስወጣል፣ ጥቂትም ይመጥጣል። እንደኛ ኮንክሪትና ብሎኬት የሆነ ግድግዳ ግን ቤዙን መልሶ ይወረውረዋል። ከውጭ መጽሔት የተነበበ ምክር እኛ ቤት ሁልጊዜ የማይሠራው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳቢን ሌላም ነገር አይቷል። በጄፈርሰን የፊዚክስ ላቦራቶሪ ምድር ቤት ውስጥ ባለ ጸጥተኛ ክፍል አንድ የማይቋረጥ ድምፅ እያሰማ፣ ድምፁ የት የት ቦታ እንደሚጎላና የት የት እንደሚደክም ለካ። ከዚያም ውጤቱን ልክ እንደ ተራራ ካርታ በመስመር አወጣው። አንድ ክፍል፣ አንድ ድምፅ፤ ነገር ግን ኮረብታና ሸለቆ አለው። ጥቂት እርምጃ የሄደ ሰው ከጫፍ ወደ ገደል ይወርዳል።

ሳሎናችን ውስጥ ቤዙን የሚሰውረው ይኸው ሸለቆ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፍጥነቱ የሚለወጥ የሚመስለው ሰው አለ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። ይህን 343 ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ሲያካፍሉት ክፍሉ የሚወደው የመጀመሪያው ኖታ ይገኛል። ለአምስት ሜትር 34 ኸርዝ፣ ለአራት ሜትር 43፣ ለ2.8 ሜትር ጣሪያ 61 ይሆናል። የ34 ኸርዙ ድምፅ ግድግዳዎቹ ጋ ይከመራል፣ ክፍሉ መሀል ላይ ይጠፋል። ሶፋውን መሀል ያደረገ ሰው አይሰማውም፤ ከኋላ ግድግዳ ጋር ያጣበቀ ሰው ይበዛበታል። ክፍሉ አራት በአራት ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ኖታዎች አንድ ላይ ገጥመው ችግሩ ይብሳል። የሳቢን ቀመር ራሱ እዚህ አካባቢ አይሠራም። ለትልቅ አዳራሽ እንጂ በትንሽ ክፍል ውስጥ ላለ ወፍራም ድምፅ አልተሠራም። ከላይ ባየነው ባለ 56 ሜትር ኪዩብ ሳሎን ከ190 ኸርዝ ገደማ በታች ገዢዎቹ እነዚህ ኮረብታና ሸለቆዎች ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ሳቢን መለካት ነው። ዛሬ ለዚህ ሌሊት መንቃት አያስፈልግም። በኮምፒዩተር የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው በሰፊው ይታወቃል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ስህተቱ የሚታረምበት ፋይል አብሮት የሚመጣ ማይክሮፎን ያስፈልጋል። የሞባይል ማይክሮፎን ለሰው ንግግር የተሠራ ስለሆነ ቤዝ ላይ አይታመንም። በእጅ የሚያዝ የድምፅ መለኪያ ያለው ሰው ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ድረስ አንድ በአንድ እያሰማ በወረቀት ላይ ቢመዘግብም ይሆናል። ነገር ግን መለኪያው ኤ ከሚለው ምልክት ወደ ሲ መዞር አለበት። ኤ ላይ ከሆነ 50 ኸርዝን በ30 ዲሲቤል አሳንሶ ያሳያል፤ ባለቤቱም የሌለ ችግር ሲያሳድድ ይከርማል። ማይክሮፎኑ መቀመጥ ያለበት ጆሮ በሚሆንበት ቦታ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ ማቆምም አይገባም፤ ሶፋው ላይ የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች ከሆኑ ሦስት ቦታ ነው።

በመጀመሪያው ልኬት በጉብታውና በጉድጓዱ መካከል 20 ዲሲቤልና ከዚያም በላይ ልዩነት ሲታይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ያልተስተካከለ ክፍል ሁሉ እንደዚሁ ነው። ኢኳላይዘር ጉብታውን መቁረጥ ይችላል። ጉድጓዱን ግን አይሞላም። አሥር ዲሲቤል ለመጨመር አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ የተጨመረው ድምፅ ደግሞ ከግድግዳው ተመልሶ ራሱን ያጠፋል። አምፕሊፋየር ማቃጠል ብቻ ይሆናል ትርፉ። ለጉድጓድ መድኃኒቱ ቦታ መቀየር ነው። ሶፋውን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ዕቃ የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ሰብዉፈር ያለው ሰው ደግሞ አንድ የሚያስቅ ግን የሚሠራ ዘዴ አለው። ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ እሱ በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጥና ሙዚቃ ከፍቶ ራሱ በግድግዳው ዳር በጉልበቱ እየዳኸ ያዳምጥ፤ ወይም ማይክሮፎኑን እያዞረ ይለካ። ቤዙ እኩል የሚሰማበት ቦታ ሲያገኝ ሰብዉፈሩን እዚያ ያስቀምጠዋል። አድማጭና ምንጭ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አንድ መሆኑን ከሳቢን በፊት የነበሩት ሄልምሆልትዝና ሎርድ ሬይሊ በሒሳብ አሳይተዋል። ሥራው በሚሠራበት ሰዓት እንግዳ ባይመጣ ግን ይመረጣል።

ወደ ሳቢን እንመለስ። በ1905 ሙሉ ፕሮፌሰር፣ በቀጣዩ ዓመት ዲን ሆነ። አስተዳደሩ ጊዜውን በላው፤ እሱ ግን በየከተማው ለሚጠሩት አርክቴክቶች መልስ መስጠቱን አላቆመም። የትናንሽ ቴአትሮች ሞዴል እየሠራ በውስጣቸው የሚጓዘውን የድምፅ ሞገድ በፎቶግራፍ እስከ ማንሳት ደረሰ። አብዛኛውን ነገር ሳያሳትም ያቆየው ነበር። ያልረካበትን ቁጥር አያወጣም። ይህ ጥንቃቄው ሥራውን ያስከብረው እንጂ ለተከታዮቹ ብዙ ነገር አስቀርቷል ማለት ይቻላል።

በኢሊኖይ ግዛት ጄኔቫ ከተማ አጠገብ ጆርጅ ፋቢያን የሚባሉ ባለጸጋ በሪቨርባንክ ርስታቸው ላይ ለሱ ብቻ ተብሎ የድምፅ ላቦራቶሪ አሠሩለት። በዚሁ ርስት ላይ ነው ዊልያም ፍሪድማንና ባለቤታቸው ሚስጥራዊ ጽሑፍ መፍታት የጀመሩት። እንደ ልቡ የሚለካበት ቦታ በመጨረሻ ተገኘ ማለት ነው።

ጦርነቱ ግን ቀደመው። ሳቢን በ1916 ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በሳንባ ነቀርሳ ላይ በሚሠራ የእርዳታ ሥራ ተሰማራ፤ በ1917 በሶርቦን አስተማረ። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ለአየር ኃይሉ ይሠራ ጀመር። ከሃርቫርድ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ ሃርቫርድ በባቡር ሲመላለስ ክፉኛ ታሞ ነበር። ሕመሙ የኩላሊት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ነበር። ባለቤቱ ሐኪም ናት፤ ነገሩን ሳታውቀው አልቀረችም። እሱ ግን ጦርነት ላይ ባለ አገር ውስጥ የሚተኛበት ጊዜ እንደሌለው ቆጥሮ አዘገየው። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናው ሲደረግለት ጊዜው አልፎ ነበር። ጥር 10 ቀን 1919 በ50 ዓመቱ ሞተ። የሪቨርባንኩ ላቦራቶሪ ለዘመዱ ለፖል ሳቢን ተረፈ።

ጽሑፎቹ ተሰብስበው በ1922 በሃርቫርድ ማተሚያ ቤት ወጡ። በሌሊት የደከመበት የፎግ አዳራሽ በ1973 ፈርሶ በቦታው የተማሪዎች መኖሪያ ተሠርቶበታል።